ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር

ይህን ነገር ከእኔ አንደበት የሰማ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሚስቴ አልሰማችም፤ ልጆቼም አልሰሙም። ለሐጅ ስነሣ የጎረቤቱን በር አንድ በአንድ እያንኳኳሁ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ስል ከርሜ፣ ከሁሉ በፊት ማንኳኳት የነበረብኝን በር ግን በሩቁ አልፌው ሄድኩ። በእኛ ሃይማኖት ሰው ለሰው አይናዘዝም፤ ጌታና ባሪያው ይጨርሱታል። የሰው ሐቅ ሲሆን ግን ባለሐቁ ካላለፈው አላህም አያልፈውም ይላሉ ዐዋቂዎቹ። እኔ የሰው ሐቅ አለብኝ። አንተ የምታነበው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ እንደ ቃዲ ተቀምጠህ ስማኝ። እንዳታዝንልኝ ብቻ።

ጓደኛዬን ለቀበሌ ጠቁሜ አስይዣለሁ። በተያዘበትም ቀን በገዛ እጄ አፉን ሰብሬአለሁ።

በምን ተጣልታችሁ ነው ብትለኝ፣ በሙዚቃ ነው። በሙዚቃ የተነሣ የሰው አፍ የሚሰብር ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱን ነው የምነግርህ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፣ ወደ ማብቂያው ግድም። አባቴ ከወሎ ለንግድ ወጥቶ ጋምቤላ የቀረ ሰው ነው። ሲሞት ገበያው አጠገብ ያለችውን ሱቅ ተወልኝና ልብስ ሰፊ ሆንኩባት። ከስፌት መኪናዬ ጎን ባለሁለት ድምፅ ማጉያ ቀይ ቴፕ ነበረኝ። የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የደከመውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነፍስ እዘራበታለሁ፤ ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን በእርሳስ አጠነጥናለሁ። ቴፕ ያለው ሰው በዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው ነው። እኔም ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሁለት ካሴት ጥሎልኝ ሄደ። ራፕ ነበር። ስሙን እንኳ ያወቅነው ቆይተን ነው። መጀመሪያ የሰማነው ቀን እኔና ኡጁሉ ተያየን። ኡጁሉ አናጺ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከበሮ ይመታል። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ይሄ ሰውዬ አይዘፍንም፤ ይሳደባል። ግን ስድቡ ከበሮውን አይስትም» አለኝ። በዚያው ተለከፍን።

ሦስተኛዋ ኛጃል ናት። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል አሳሪ ነበረች። ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ እዚያው ቀረች። «ለምን ይቸኩላል? ማን እያባረረው ነው?» ብላ ስትጠይቅ ጊዜ ወደድናት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ የራፕ ሸንጎ ሆነች። የዘፋኞቹን ስም ስለማናውቅ እኛው አወጣንላቸው፦ ወፍራሙ፣ ቀበጡ፣ ተናዳጁ። ኡጁሉ ለወፍራሙ ይሟገታል። ኛጃል ቀበጡን ነው የምትወደው፣ «ሲተነፍስ ይሰማል» ትላለች። እኔ የተናዳጁ ነበርኩ። ከሌላ ሾፌር አዲስ ካሴት የተዋሰ ሰው ሲመጣ «ሁለተኛውን ገጽ ስማ፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጠብቅ» ተባብለን፣ ሰምተን፣ ተጨቃጭቀን፣ ማታ ድምፃችን ዘግቶ እንለያያለን። ከባሮ ወንዝ ወዲህ ከእኛ የበለጠ ደስተኛ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ታዲያ ቃሉን የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ አልኳቸው። አላውቅም ነበር። ከአሥር ቃል አንዱን ብይዝ ነው። ዘጠኙን ከሆዴ አወጣው ነበር። የተናዳጁን ወንድም ገደልኩት፤ ገዳዩን በከተማ በከተማ አስፈለግኩት፤ እናቱን አስለቀስኳት። በየሳምንቱ እቀጥልላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ኛጃል እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ አየሁና፣ አፍሬ ማቆም ሲገባኝ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የባሰ ሞት አዘጋጀሁ።

ከዚያ ጋትሏክ መጣ።

ጋትሏክ የኛጃል ታላቅ ወንድም ነው። ሱዳን በኩል ከሚሲዮኖች ዘንድ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ ፑኝዶ ካምፕ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሠራ፣ ረጅምና ድምፀ ለስላሳ ሰው። አማርኛን ከሾፌሮች ነው የለቀመው። ቅዳሜ ወደ ከተማ ሲወጣ እህቱ ጎትታ አመጣችው። «ወንድሙ የተገደለበትን ዘፈን አሰማው» አለችኝ። አሰማሁት። ጋትሏክ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። መልስልኝ አለኝ፤ መለስኩለት። ደግሞ ሰማ። ከዚያ ቀና አለና፣ ሳይሳለቅ፣ እንዲያውም ግራ በተጋባ ዓይን እያየኝ፣

«የሞተ ሰው የለም እዚህ። ይሄ ሰውዬ ስለ ጎረቤት ውሻ ነው የሚያወራው። ሌሊት ይጮህበታል፤ እንቅልፍ ከለከለው» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ኡጁሉ ነው። ኛጃል ከአግዳሚው ላይ ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «ለውሻ ነው ያለቀስኩት! ሰይድ፣ ለውሻ ነው ያስለቀስከኝ!» እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስስቅ ጥርሴ ሲፋጭ ተሰማኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሱ ሆነ። «ጋትሏክ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ጋትሏክ፣ የትኛው ይበልጣል?» ቃሉን እየሰማ በደብተር ይገለብጥ ነበር፤ ገጹን በእርሳስ ሞልቶ ሲያነብላቸው አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ይባስ ብሎ እሱ ራሱ ጀመረ። በአገሩ ወጣት ለበሬው ግጥም እየገጠመ ያሞግሳልና ያንን በኑዌርኛ አፍጥኖ፣ ኡጁሉ ጠረጴዛዬን እየደበደበለት፣ ሲያወርደው ገበያተኛው በር ላይ ቆመ። በመጨረሻ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ለእኔም አንድ ገጠመልኝ፦

«መርፌው ጨርቅ ይወጋል፣ ምላሱ ሰው ያታልላል፤
ውሻ በጮኸ ቁጥር ሰይድ ጦርነት ይላል።»

ቀልድ ነበር። ሲጨርስ ትከሻዬን አቅፎ ነበር። ግጥሙ ግን በሳምንቱ ገበያ ገባ። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሳልፍ «ሰይድ፣ ጦርነት!» ይሉኛል። ቆዳ የሚገዛው ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ሳይቀር አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅና ያልፈው ነበር። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ያ አፍ ዝም ቢል። ኛጃልን እወዳት ስለነበር ቀናሁ ብል ለአንተም ለእኔም ይቀለን ነበር። አልወዳትም ነበር። የቀናሁት በአፉ ነው።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለውን የመሪውን ፎቶ ሰው ጭቃ ቀባው። ማን እንደቀባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕዝቡ ተሰብስቦ «የምታውቁ ተናገሩ» ተባለ። ማንም አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ። ልብ በል፤ ማንም አልጠራኝም። ማንም አላስፈራራኝም። ሱቄን ቆልፌ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ፣ በእግሬ ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ልብሱን ስለምሰፋለት ያውቀኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብተር ይዞ ሰው የሚሰበስብ እንግዳ አለ አልኩት። የት ነው የሚሰበስበው አለኝ። እኔ ሱቅ፣ እምቢ ማለት ፈርቼ ነው፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ብትመጡ ታገኙታላችሁ አልኩት። የቀጠርኩለት እኔ ነኝ። ቀኑንም ሰዓቱንም።

ሲመጡ አራት ነበሩ። ጋትሏክ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። የመጀመሪያው የጠመንጃ ሰደፍ ያረፈው ኡጁሉ ጆሮ ላይ ነው፤ በሩ አጠገብ ስለነበረ። ወደቀ፤ ወድቆም ረገጡት። ጋትሏክ «እሱ ምንም አላደረገ፣ ደብተር የኔ ነው» እያለ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹን በሰደፍ መቱት። ካሴቶቹን በጫማ ፈጭተው ደብተሩን ወሰዱ። እኔን ገፈተሩኝ እንጂ አልመቱኝም። ለማስመሰል ነበር፤ ሊቀመንበሩ ነግሯቸዋል። ኛጃል በዚያ ቀን ክሊኒክ ተረኛ ስለነበረች ከእኛ ጋር አልነበረችም።

ቀበሌው ግቢ ወሰዱን። ሰው በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል። ኡጁሉን ፊቱን ወደ መሬት አስተኝተው አንዱ አንገቱን ረግጦ ያዘው። ጋትሏክን ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ያዙት፤ ፎቶውን ቀባህ፣ ደብተሩ የማን መልእክት ነው እያሉ ጀርባውን በዱላ ገረፉት። «ሙዚቃ ነው» ይላል፤ ይመቱታል። «ስለ ውሻ ነው» አላቸው አንዴ። ሊቀመንበሩ የቀለደበት መሰለውና ሆዱን በእርግጫ መታው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እንዳልጠረጠር ብሎ ይሁን ሊፈትነኝ አላውቅም፤ ዱላውን ሰጠኝና፣

«አንተም አብረህ ነበርክ። አንድ ምታውና ለአብዮቱ ያለህን አሳይ» አለኝ።

አንድ ነው ያለኝ። አንድ።

ዱላውን ይዤ ቆምኩ። ጋትሏክ አየኝ። ያን ጊዜ ያለኝን ቃል በቃል ነው የምነግርህ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ግድ የለም፣ ሰይድ። ምታና ጨርስ» አለኝ። ተገድጄ መስሎት ነው። ጭንቄን ሊያቀልልኝ፣ የያዙት ሰዎች እስኪገርማቸው፣ ዘወር ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የተገረፈ፣ ደም ያቆረ ጀርባውን። አንድ ብሰነዝር ያልቅ ነበር። ያን ያህሉን ማንም ይቅር ይለኝ ነበር፤ እኔም ራሴን ይቅር እል ነበር።

እኔ ግን ዞርኩ። ጀርባውን ትቼ፣ በያዙት ሰዎች በኩል አልፌ፣ ፊቱ ድረስ ሄድኩ። ስንት እርምጃ ነው? አራት፣ አምስት። በአምስት እርምጃ ውስጥ ሰው ስንት ጊዜ ሊመለስ ይችላል? አልተመለስኩም። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፉን መታሁት። ከንፈሩ ሲፈነዳ አየሁ። ደገምኩት፤ ጥርሱ ዱላው ላይ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። ሠለስኩት፤ አገጩ ወደ ጎን ሄደ። አራተኛውን ስሰነዝር ሊቀመንበሩ ራሱ እጄን ያዘና «በቃ! በቃ አልኩህ! እብድ ነህ እንዴ?» ብሎ ዱላውን ነጠቀኝ።

የሚገርፈው ሰው ደነገጠብኝ። የሰው አውሬ ሲያዝ የኖረ ሰው በእኔ ደነገጠ። ምን ተሰማህ ትለኝ ይሆናል። እውነቱን ልናገር ስለ ተቀመጥኩ እናገራለሁ። ያን ጊዜ፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ እረፍት ተሰማኝ። ያ አፍ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣሁት በዱላው አይደለም፤ በዚያች እረፍት ነው።

ጋትሏክን ሦስት ሳምንት አሰሩት። ደብተሩን የሚያነብ ሰው ከሌላ ቦታ መጥቶ ዘፈን ነው ሲላቸው ለቀቁት። ኡጁሉን ከእስር ቤቱ በቀጥታ ለብሔራዊ ውትድርና ጫኑት። መንግሥት ሲወድቅ በእግሩ ተመለሰ። በሰደፍ የተመታው ግራ ጆሮው ግን ደንቁሮ ቀረ፤ ዛሬ ከበሮ ሲመታ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነው።

የጋትሏክን አፍ ያሰረችው ኛጃል ናት። አራት የፊት ጥርሱ ሄዷል፣ መንጋጋው ተጣሞ ገጥሟል። በገለባ ነበር የምትመግበው። አንድ ቀን ሱቄ መጣች። በሩ ላይ ሳያት ዐወቀች አልኩ። እሷ ግን ገብታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣

«ሰይድ፣ አስገድደውህ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አትጨነቅ። እሱም ባንተ አልተቀየመም፤ ስምህን ስጠራ ምንም አይልም» አለችኝ።

ምንም አይልም። ምን ይበል? አፉን ሰብሬው! እኔም «ምን ላድርግ ኛጃል፣ ጠመንጃ ደግነውብኝ» አልኳት። ጠመንጃ የደገነብኝ አልነበረም። አጽናናችኝ። አለቀስኩ። እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ አጥሩ ዙሪያ የቆሙት። በዚያ ዘመን ግን ሰው ዓይን እንጂ አፍ አልነበረውም፤ በኋላም ያኔ ያዩት ተበታተኑ። ሊቀመንበሩም ደርግ ሲወድቅ የገባበት አልታወቀም። ውሸቴ ባለቤት አልባ ሆኖ እውነት መሰለ።

ጋትሏክ ድንበር ላይ ወዳለችው ማታር ወርዶ ነጋዴ ሆነ። ድንበር እያሻገረ ጨርቅና ጨው ይሸጥ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄ የሞተብኝ ክረምት፣ በጀልባ ወርጄ ሄድኩበት። ልነግረው ነበር የሄድኩት። ጨርቅ ተራ ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል። ብድግ ብሎ ሳመኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አዲስ ምን ሰማህ?» አለኝ። «የአሁኖቹ ደከሙ። ንዴት የላቸውም። አንድ ግን አለ፣ ላሰማህ።» ከሸቀጡ ሥር ትንሽ ቴፕ አውጥቶ ከፈተልኝ። ቃሉን አብሮ ሊል ሲሞክር ከንፈሩ አልታዘዝ አለው፤ «ሰ» የምትለዋ «ሸ» ሆና ትወጣለች። «ሸይድ» ነበር የሚለኝ። ተወውና በጣቱ ብቻ ምቱን ተከተለ።

«ጋትሏክ፣ የዚያን ቀን ነገር...» ስል እጁን አነሣ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እዚያ ነበርኩ» አለኝ። «ስትዞር አይቻለሁ።»

ቴፑን ዘጋው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል በተጣመመው አገጩ እየገፋ፣ ቀጠለ። «ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ አይምሰልህ። ኡጁሉ ቢሰማ ይገድልህ ነበር፤ እሱ እንዳይታሰር ነው። ኛጃል ግን በደብዳቤ ሁሉ ‹ሰይድን ሰላም በልልኝ› ትለኛለች። ያ ያመኛል፤ ከመንጋጋዬ በላይ ያመኛል። ሂድና ለእሷ ንገራት። ከነገርካት በኋላ ተመልሰህ ና፤ እኔና አንተ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

እሺ አልኩት። በአላህ ስም እሺ አልኩት። በማግስቱ ወደ ጋምቤላ ተመለስኩ፣ በኛጃል ቤት በር ላይ አለፍኩ፣ ደህና ዋልሽ አልኳት፣ ወደ ሱቄ ገባሁ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከረመዳን በኋላ፣ ልጇ ከተዳረች በኋላ እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ጨመርኩ። ጋትሏክ ማታር ሆኖ ጠበቀኝ። አልሄድኩም። ባለፈው ዓመት በኩላሊት በሽታ ሞተ።

ለቅሶው እዚህ ኛጃል ቤት ነበር። መዝሙር እየተዘመረ ገባሁ፤ ከኋላ፣ በር አጠገብ ልቀመጥ ስል ኛጃል አየችኝ። ተነሥታ በእንግዳው ሁሉ መሐል መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከቤተ ዘመዱ ጋር፣ ከኡጁሉ ጎን አስቀመጠችኝ። ከሱዳን ለመጡት ዘመዶቿ፣ «ይሄ ሰይድ ነው። ለወንድሜ ሲል ብዙ ተሰቃይቷል» ብላ በቋንቋቸው ነገረቻቸው፤ ኡጁሉ ተረጎመልኝ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ጨበጡኝ። እኔም ጨበጥኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ቦታ ተቀመጥኩ። ምግባቸውን በላሁ።

ዱላውን ያነሣሁት ወጣት ሳለሁ ነው። ያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ግን ሸብቼ፣ ሐጅ አድርጌ፣ ጾሜ፣ ሰግጄ ነው። የትኛው ይብሳል? ፍርዱን ለአንተ ትቼዋለሁ። እኔ ግን ወጣትነቴን ወይም ዘመኑን አንሥቼ አልከራከርህም። ደርግ ብዙ ሰው ገድሏል፤ የጋትሏክን አፍ ግን ደርግ አልሰበረም። ደርግ የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ጀርባውን እንድመታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት፣ ኛጃል፣ ለአንቺ አመጣዋለሁ። እስክታነቢው ከበርሽ ውጭ እቆማለሁ፤ ኡጁሉም ቢመጣ አልሸሽም። ይቅርታሽን አልለምንም፤ የሚሰጠኝ ሰው ማታር ላይ ሲጠብቀኝ ኖሮ ሞቷል። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን ብቻ ያዢልኝ። ኛጃል፣ ማንም አላስገደደኝም።